ለጭላዳ አጃ እንዝራ ወይ? ከጓሳ ዳርቻ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል።

«ጋሼ፣ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው የምጽፍልዎ። መሬታችን በማኅበረሰቡ የሚጠበቀውን የጓሳ ሣር ሜዳ ዳርቻ ይነካል። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን ባለ 15 ፈረስ ጉልበት የእጅ ትራክተር ገዝተናል። ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሳችንን እያስቸገረን ነው። በቪዲዮ አሜሪካኖች በትንንሽ ባለ አራት ጎማ ሞተር እያረሱ ለአጋዘን መኖ ሲዘሩ አየን። ገደሉ አፍ ላይ 2 ጥማድ መሬት አለን። አንዱ ጥማድ ከአባቴ ጀምሮ ሲታረስ የኖረ ነው። ሌላው ሣር የለበሰ ነው። እዚያ ላይ አጃ ብንዘራላቸው ገብሱን አይተዉልንም ወይ? ቱሪስትም ቆሞ ያያቸዋል። መሬቱን በማሽኑ እንዴት እናዘጋጅ? ሌላስ ምን ዕቃ ያስፈልገናል?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጭላዳውን በወንጭፍ ከማሳደድ ማብላት ማሰባችሁ ደስ አሰኝቶኛል። መልሴን ግን ከፊት ልንገርህ። ለጭላዳ አጃ አትዝሩ። ሣር የለበሰውን ጥማድም ማሽን አታስገቡበት። ማሽኑን ቤታችሁ አጠገብ ባለው፣ ድሮም በሚታረሰው መሬት ላይ ለበጎቻችሁ መኖ አዘጋጁበት። በጎቻችሁ በበጋ እቤታቸው የሚበሉት ካገኙ ጓሳው ላይ ያለው ሣር ለጭላዳው ይተርፍለታል። ለዱር እንስሳው ልታበሉት የምትችሉት ትልቁ መኖ ይኸው ነው።

ምክንያቴን ላስረዳህ። ከዚያ ወደ ማሽኑ እንገባለን፤ እዚያ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

በቪዲዮ ያያችሁት ነገር እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለ መሬቶችና አዳኞች ነጭ ጅራት ለሚባለው አጋዘን ክሎቨር የሚባል የመኖ ተክል፣ አጃና የጎመን ዘመዶችን ይዘራሉ። ከባለ አራት ጎማው ሞተር ኋላ ትንሽ ዲስክ ማረሻ ይጎትታሉ፤ ዘር መበተኛም ይሰቅሉበታል። ትራክተር የማይገባበት ጫካ ውስጥ ትንሽ ማሳ ለመክፈት ይመቻቸዋል። ነገር ግን እነሱ የሚፈልጉት አጋዘኑ ወደ ማሳው እንዲመጣ ነው። ብዙዎቹ የአደን ወቅት ሲደርስ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁታል። እናንተ ደግሞ እንስሳው ከማሳ እንዲርቅላችሁ ነው የምትፈልጉት። መጥሪያውን ለማራቂያ ብትጠቀሙበት ውጤቱ የተገላቢጦሽ ይሆናል።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ኑሮው ሣር ላይ ነው። ማለዳ ከገደሉ ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ይውላል፣ ማታ ተመልሶ ገደሉ ላይ ያድራል። ጠጋ ብለህ አይተኸው ታውቃለህ። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ነው የሚለቅመው። ቅጠሏን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይይዛል፣ ይነቅላል፣ መዳፉ ውስጥ ያከማቻል። እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይሰዳል። ከዚያ ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ሣር ይሄዳል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ አፈሩን ቆፍሮ ሥር ያወጣል። እንግዲህ አጃም ሣር ነው፣ ገብስም ሣር ነው። ለእሱ የሁለቱ ቡቃያ አንድ ነው። አጃውን ለቅሞ ሲጨርስ ገብሱ ዐሥር እርምጃ ላይ ይጠብቀዋል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ገደል አጠገብ የመኖ ማሳያ ስናዘጋጅ ቦታውን ስንመርጥ ተሳሳትን። አጃው ጣት ሲያክል የመጀመሪያዎቹ መጡ። በሳምንቱ ግልገል ያዘሉ እናቶች ተጨመሩ። አጃው አልቆ ማሳው ባዶ ከሆነ በኋላም መንጋው በዚያው መንገድ መውጣቱን አልተወም፤ የጎረቤቱን ገብስ ጀመረው። ባለ ገብሱ አዛውንት መጥተው ማሳው ዳር ቆሙ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ መንገድ አሳያችኋቸው» ብቻ ነው ያሉኝ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ግልገሉ እናቱ የበላችበትን ቦታ ይማራል፤ የተማረውን ደግሞ አይረሳም።

ቱሪስቱንም አስበው። ጓሳ ድረስ የሚመጣ ሰው የሚያየው መንጋው በገዛ ሜዳው ላይ ሲውል ነው። ዋጋው እሱ ነው። በመኖ የለመደ ዝንጀሮ ሰው ይዳፈራል፣ ቦርሳ ይቀማል፣ ልጅ ያስደነግጣል።

ሣር የለበሰውን ጥማድ አትንኩ ያልኩህ ደግሞ ለቀይ ቀበሮው ብዬ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው። የሚኖረው በአይጥ ነው። አይጧ ደግሞ በሣሩ ሥር ጉድጓድ ምሳ ትኖራለች። እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ቀበሮው ጭላዳ መሀል ገብቶ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። ጭላዳው ሲግጥ አይጧ ትንቀሳቀሳለች ወይም ትዘናጋለች፤ ቀበሮው እግሩን እያነሳ እየጣለ በመሀላቸው ያልፋል። ጭላዳውም አይሸሸውም። ይህን የሚያህል ነገር ያቆመው ያ ሣር ነው። የእጅ ትራክተር አንድ ጥማድ ሣር በግማሽ ቀን ይገለብጣል። በዚያ ብርድ ጓሳ የሚባለው ሣር ተመልሶ እንዲያድግ ግን ዓመታት ይፈልጋል።

የእናንተ አባቶች ይህን ከማንም በፊት ያውቁ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከቀደምት አባቶች ከአስቦና ከጌራ ዘመን፣ ጓሳው ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለ3፣ ለ4 ወይም ለ5 ዓመት ይዘጋል፣ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ ይጋጣል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ ጓሳውን ጨርሶ አልለቀቀውም። ዛሬም በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ መሬት ነው። እናንተ በማሽን የምትጨምሩበት ነገር ካለ ከዚያ ሥርዓት ጋር የሚሄድ ይሁን።

አሁን ወደ ማሽኑ።

መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ። 15 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ለቆላ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰውም ይቀንሳል። በግምት በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ጉልበት ይጠፋል ብለህ ያዝ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከ15ቱ ፈረስ እጃችሁ ላይ የቀረው 10 ገደማ ነው። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ብታዩት ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። ናፍታው እንደ ቆላው ይገባል፣ አየሩ ግን አይበቃውም። በዚህ ጊዜ ጋዝ አትጨምሩ። ማርሽ አውርዱ፣ የማረሻውንም ጥልቀት ቀንሱ። ማለዳ በውርጭ አልነሳ ካለም አትታገሉት። የፈላ ውኃ ሞተሩ ላይ የሚደፉ ልጆች አይቻለሁ፤ ብረቱን ይሰነጥቁታል። ፀሐይ እስኪነካው ጠብቁት፤ ውርጭ የመታው አፈርም ቢሆን ከረፋድ በፊት ለሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው የመሬቱ ተዳፋት ነው። ማሽኑን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት 10 ሜትር ሲባጎ ያዙ። አንዱ ሰው ከላይ ሲባጎውን መሬት ላይ ይያዝ። ሌላው ከታች ሲባጎው ልክ እስኪሆን ከፍ ያድርገው። ልክ መሆኑን የግንበኛ ውኃ ልክ ይነግራችኋል። ከታች ያለው ሰው እጅ ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ከበለጠ ያ መሬት የማሽን መሬት አይደለም። በበሬ አግድም ይታረስ፣ ወይም ሣር ሆኖ ይቅር።

ተዳፋቱ ከዚህ ያነሰውን መሬት ሁልጊዜ አግድም እረሱ፣ እርከኑን ተከትላችሁ። የድንጋይ ካቡ ጫፍ ድረስ አትቅረቡ። 2 ሜትር የሚያህል የሣር ሰቅ ከካቡ በላይ ተዉለት። ያ ሰቅ አፈር ይይዛል። ማገጥም ይበቅልበታል። ማገጥ የራሳችን ክሎቨር ነው፤ ማንም ሳይዘራው በጓችሁ ትወደዋለች።

የእጅ ትራክተር ነድቶ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ያስደነግጠዋል። በደህና ሜዳ ላይ እጀታው ላይ ያለውን የግራ የመጠምዘዣ ፍሪሲዮን ስትጨብጥ የግራው ጎማ ጉልበት ይቋረጥበታል፤ ቀኙ ይገፋል፤ ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የግራው ጎማ ሲለቀቅ ክብደቱ ራሱ ቁልቁል ያንደረድረዋል። ቀኙን ደግሞ ሞተሩ ይዞታል። ስለዚህ ማሽኑ ወደ ቀኝ ይዞራል። እኔ ይህን የተማርኩት ካብ ላይ ወጥቼ ነው። ማሽኑ ባላሰብኩት በኩል ሲሄድብኝ የባሰውን ጨበጥኩት፤ የባሰውን ዞረ። ካቡ ባያቆመው ወደ ታችኛው እርከን እንወርድ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮኑን ተዉት፤ እጀታውን በክንዳችሁ ገፍታችሁ አዙሩ። ማርሽ 1 ላይ ሁኑ። ቁልቁለት መሀል ማርሽ አትቀይሩ።

ሌላው ከዚህ የባሰ ነው። ከኋላ ያለው አፈር መፈልፈያ ቢላ እየተሽከረከረ ወደ ኋላ ማርሽ አታስገቡ። እጀታው ይገፋሃል፣ ጓል ያደናቅፍሃል፣ ቢላው በላይህ ይመጣል። በዚህ እግሩን ያጣ ሰው አለ። መጀመሪያ ቢላውን አቁሙ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ። ጋቢም ሆነ ባና ለብሶ ማንም ወደ ማሽኑ አይቅረብ። ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩ ቀበቶ፣ የጨርቅ ጫፍ ካገኘ ሰውየውን ጨምሮ ነው የሚጎትተው። ብርድ መሆኑን አውቃለሁ። ጃኬት ልበሱ፣ ዚፑን ዝጉ።

አፈሩ ለሥራ መድረሱን በእጅህ ነው የምታውቀው። አንድ ጣት ያህል ጥልቀት ቆፍረህ እፍኝ አፈር አውጣ። ጨብጠው። ከዚያ በሁለቱ መዳፍህ መሀል እንደ ክር አሽከርክረው። እርሳስ እየሆነ ሳይበጠስ ከተንከባለለ ገና እርጥብ ነው፤ ማሽኑን አታስገባ። እየተፈረካከሰ እንቢ ካለህ ደርሷል። እርጥብ መሬት ላይ 4 ወይም 5 ኩንታል የሚመዝን ብረት ሲመላለስበት ከላይ የለሰለሰ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን እንደ ምጣድ ይደድራል። ያንን የደደረ ንጣፍ የአጃ ሥር አይበሳውም። ውኃም እላዩ ላይ ይተኛል።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የሚሽከረከረው ባለ ቢላ መፈልፈያ አፈሩን እንደ ዱቄት ሲያደርገው ያስደስታል። ሰው ይመለስበትና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ያልፍበታል። ሐምሌ ሲገባ ያ ዱቄት ጎርፍ ይሆናል። አፈሩ የዶሮ እንቁላል የሚያካክል ጓል ሲሆን አቁሙ። ለአጃና ቬች ለሚባለው የጥራጥሬ ወገን መኖ ከዚያ በላይ መለስለስ አያስፈልገውም። ጓሉ ዝናቡን ይሰብራል፣ ውኃውን ያሰርጋል፤ በውርጭ ቀንም ለቡቃያው ትንሽ መጠለያ ነው።

ጊዜውን እንዲህ አድርጉት። የበልግ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰውና ሲጠነፍፍ አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር እረሱት። ከዚያ ተዉት። አረሙ ይበቅላል፤ ይብቀል። ሰኔ ማለቂያ ላይ ተመለሱ። በዚህኛው ዙር 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ላይ ላዩን። የበቀለው አረም ይሞታል። ከሥር ያለው የአረም ዘር ግን ወደ ላይ አይወጣም። ጠልቃችሁ ካረሳችሁ አዲስ የአረም ዘር ታወጣላችሁ፣ የበልጉ ልፋት ገደል ይገባል። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ የአረም መድኃኒት መርጫ መግዛት አያሻችሁም። ጓሳው ሥር ያለው ውኃ ሁሉ ወደ ምንጭ የሚወርድ ስለሆነ፣ መድኃኒት ወደዚያ ባይጠጋ እኔ እመርጣለሁ።

ልፋቱን በቁጥር ላሳይህ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር ቢፈለፍል አንዱን ጥማድ ለመጨረስ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ከኋላው ትሄዳላችሁ። ለሁለቱ ዙር ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጫፍ ላይ መዞሩ አልተቆጠረም። ስለዚህ እየተቀያየራችሁ ሥሩ። የደከመ ሰው ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው።

ዘሩን በተመለከተ ለአንድ ጥማድ 15 ኪሎ አጃና 5 ኪሎ ቬች ይበቃል። ቬቹ ፀጉራማው ዓይነት፣ ቪሲያ ቪሎሳ የሚባለው ቢሆን ብርዱን ይችልላችኋል። አጃው ለቬቹ ምሰሶ ይሆነዋል። ቬቹ ደግሞ መኖውን በፕሮቲን ያበለጽጋል፣ ለአፈሩም ናይትሮጂን ይተዋል። በእጅ የሚሽከረከር ዘር መበተኛ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ካላገኛችሁ የአባትህ እጅ ይበልጠዋል። በመበተኛው ከሆነ አጃውንና ቬቹን ቀላቅላችሁ አትክተቱት። ቬች ድቡልቡልና ከባድ ስለሆነ ሩቅ ይወረወራል፣ አጃ ቀላል ስለሆነ ቅርብ ይወድቃል። ማሳው ሲበቅል ሰቅ ሰቅ ይሆንባችኋል። ለየብቻ በትኑ። የእያንዳንዱንም ዘር ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን በማሳው ርዝመት፣ ግማሹን በወርዱ እየሄዳችሁ በትኑት። ያመለጠው ቦታ በሁለተኛው ይሸፈናል።

ዘሩን ለማልበስ ማሽን አትመልሱ። ከቁጥቋጦ ጭራሮ ወፍራም እስር አስሩ፣ ከላዩ ግንድ ጫኑበት፣ በአህያ ወይም በሰው ጎትቱት። አሮጌ የመኪና ጎማም ያገለግላል። ዘሩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ከለበሰ በቂ ነው። ማገጥ ሰብስባችሁ በካቡ ሰቅ ላይ መጨመር ካማራችሁ ግን እሱን አታልብሱት። ዘሩ ደቃቅ ነው። በትኑትና በእግራችሁ ረግጣችሁ እለፉ።

ማዳበሪያ ላይ አላስቸግርህም። መንዝ ውስጥ እበቱ ኩበት ሆኖ እንደሚነድ አውቃለሁ፤ እንጨት ከየት ይመጣል? ስለዚህ የበጎቹን በጠጥ ተጠቀሙ። ከበረቱ ሥር የሚጠረገው በጠጥና ሽንት የነካው ገለባ ለአንድ ጥማድ ይደርሳል። በልግ ላይ፣ ከመጀመሪያው እርሻ በፊት አልብሱት።

አጨዳው አጃው እሸት ሳይዝ፣ ገና ወተት ሲቋጥር ነው። ቬቹም ያን ጊዜ አበባ ላይ ነው። እህል እስኪሆን አትጠብቁ። ግንዱ እንጨት ይሆናል። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩም አይምርም። አጭዳችሁ በቀጭኑ አስጡት፣ ገልብጡት፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ ከምሩት።

ስንት በግ ይመግባል ትል ይሆናል። የመንዝ በግ ትንሽ ናት። 30 ኪሎ ገደማ የምትመዝን በግ በቀን 1 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ መኖ ትበላለች። ከአንዱ ጥማድ 10 ኩንታል ደረቅ መኖ ብታገኙ፣ 10 በጎችን ለ100 ቀን ያህል ይይዛል። ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ማለት ነው። ጓሳው ላይ ግጦሹ የሚጠብበት፣ ጭላዳውም ሥር እየቆፈረ የሚኖርበት ጊዜ ልክ እሱ ነው። አራት ሆናችሁ አራት ጥማድ ብታዘጋጁ 40 በግ በዚያ ወቅት ጓሳ አይወጣም። ማሽኑም በበጋ ሥራ አይፈታም። ሞተሩ በቺንጋ መኖ መክተፊያ ያዞራል። የተከተፈ መኖ በጓ መርጣ አትጥለውም። ከኋላው ተጎታች ብታገናኙለት ድርቆሹንና ዘሩን ያመላልሳል። ባለ አራት ጎማውን ሞተር አትመኙት። ለእኛ ካብና ድንጋይ የእጅ ትራክተርና አህያ ይበቃሉ።

ገደሉ አፍ ላይ ያሉት ሁለት ጥማዶችስ? ሣር የለበሰውን እንዳለ ተዉት። የታረሰውን ጥማድ ገብስ መዝራት አቁሙበት። ጭላዳው ከገደሉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእናንተ እሸት መሆን የለበትም። ወደ ሣር መልሱት። እዚያ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ዶማና መኮትኮቻ ብቻ ነው። ከገዛ እርከናችሁ ላይ ካለው የጓሳ ሣር ወፋፍራም እስሮችን ነቅላችሁ፣ ሥሩን ሳትጎዱ ከፋፍሉት። ሐምሌ መግቢያ ላይ ግማሽ ሜትር እያራራቃችሁ ትከሉት። ከተጠበቀው ጓሳ ነቅላችሁ መውሰድ ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ የጥበቃ ኮሚቴውን ጠይቁ። በመሀሉ ያለው ባዶ ቦታ በራሱ ሣር ይሞላል፤ አትኮትኩቱት። ለጥቂት ዓመታት በግ አይግባበት።

ያ ጥማድ ሣር ሲሆን ጭላዳው እዚያ ይውልበታል። እሱ የራሱ ምግብ ነው፣ ስለ እርሻ ምንም አያስተምረውም። ገብሱም ከገደሉ አንድ ጥማድ ያህል ይርቃል፤ ጠባቂው መንጋው ሳይደርስ አይቶ ይነሳል። ጥበቃው ራሱ አይቀርም። ገብሱ ሲበቅልና እሸት ሲይዝ ያሉት ሳምንታት ላይ ግን ብታተኩሩ አብዛኛውን ጉዳት ታስቀራላችሁ። ተራ ግቡ፤ የልጆቹ ትምህርት አይስተጓጎል። ውሻ ግን ለጥበቃ አትልቀቁ። የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች የውሻ በሽታዎች ወደ ቀይ ቀበሮው ይሻገራሉ። አንድ የታመመ ውሻ ብዙ ቀበሮ ሊጨርስ ይችላል። ውሻችሁን አስከትቡት፣ እሰሩት። የአይጥ መርዝም ማሳው ላይ አታኑሩ፤ መርዝ የበላችውን አይጥ የሚበላት ቀበሮው ነው።

ዘሩን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ከሻጩ 100 ፍሬ አጃ ቆጥራችሁ ውሰዱ። እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድራችሁ ጠቅልሉት፣ ምድጃ አካባቢ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት፣ ጨርቁ አይድረቅ። በ10ኛው ቀን ገልጣችሁ የበቀለውን ቁጠሩ። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ግዙት። 70 ገደማ ከሆነ ለጥማዱ 15 ኪሎ የነበረውን 18 አድርጉት። ከ60 በታች ከሆነ ለሻጩ መልሱለትና ሌላ ፈልጉ። የሲባጎውን ልኬትና የጨርቁን ቁጥር ጻፉልኝ። ለየትኛው ማሳ ምን እንደሚሻል ያኔ በዝርዝር እነግራችኋለሁ።